የአምባዛ ቅሪተ አካል ወይስ የሐይቅ ደለል?

የጥንት ውኃን ታሪክ ማጥናት ለሚፈልግ የባሕር ዳር ተማሪ ሁለት መንገድ አለ፦ የአምባዛ ዓሣ ቅሪተ አጥንት መልቀም ወይም ከሐይቅ ሥር ደለል ሰርስሮ ማውጣት።

ወጪ፦ አጥንት ለመልቀም ጠንካራ እግር፣ ንቁ ዓይንና ሕጋዊ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ማነጻጸሪያ የሚሆን አፅም ከጣና ዓሣ አስጋሪዎች ይገኛል። ደለል ግን ጀልባና መሰርሰሪያ ይጠይቃል።

የሚናገሩት፦ የአምባዛ የራስ ቅልና የክንፉ እሾህ ጠንካራ ስለሆኑ ሌላው ሲበሰብስ እነርሱ ይቆያሉ። በእሾሁ ላይ ያሉት ቀለበቶችም የዓሣውን ዕድገት ያሳያሉ፤ ይህ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ሆኖም አምባዛ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል በረግረግም ይኖራል፤ አጥንቱ ብቻውን የትልቅ ወንዝ ማስረጃ አይሆንም። አብሮት የናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ ከተገኘ ግን ውኃው ጥልቅና ኦክስጅን ያለው እንደነበር መገመት ይቻላል።

ደለል በንብርብር ስለሚከማች የዘመን ቅደም ተከተል ይሰጣል። ጣና ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ዳግም ከመሙላቱ አስቀድሞ ደርቆ እንደነበር ያወቅነው ከእርሱ ነው።

ወንዝ በጠፋበት ደረቅ ሜዳ ለሚሠራ አጥንቱ፣ ዘመን ለሚቆጥር ደለሉ ይሻላል።