ሊጉስትረም፣ ዱራንታ ወይስ ሰንሰል? ለባሕር ዳር ግቢ የሚሆን የአጥር ተክል

ባሕር ዳር ቤት የሠራ ሰው ግንቡን ጨርሶ ትንሽ ሲተነፍስ፣ ቀጥሎ የሚያምረው አረንጓዴ አጥር ነው። ችግኝ መሸጫ ሲሄድ ሻጩ ሁሉንም «ቶሎ ይደርሳል» ይለዋል። መድረሱስ ይደርሳል። ዋናው ነገር ከኅዳር እስከ ግንቦት ማን ያጠጣዋል፣ መቀሱንስ ማን ይይዛል ነው።

ከሊጉስትረም እንጀምር። ፕሪቬት የሚሉትም አሉ። ከወይራ ጋር ቤተሰብ ነው፤ ቅጠሉ ግን ሰፋና ለስለስ ይላል፤ በቅርንጫፉ ላይ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይወጣል። ትልቁ ጸጋው መቀስ መቻሉ ነው። አንዱን ጫፍ ስትቆርጡት ከሥሩ ካሉት ጥንድ ቅጠሎች ብብት ሁለት ቀንበጥ ይወጣል፤ እነሱን ስትቆርጡ አራት። እንደዚህ እያለ በክር የተወጠረ የሚመስል አጥር ይሆናል። ከሦስቱ ለቁመናው የሚመረጠው እሱ ነው።

ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሲተከል ከቁመቱ ሲሶ ያህል መቆረጥ አለበት። ገንዘብ የወጣበትን ችግኝ ወዲያው ቆርጦ መጣል ማንንም ያማል፤ ብዙ ሰውም እዚህ ጋ ይሳሳና ይተወዋል። ያን ጊዜ ላይ ላዩን ይለመልማል፣ ታቹ ይራቆታል፣ የጎረቤት ዶሮ በሥሩ ሽው ትላለች። ሲከረከምም ታቹ ሰፋ፣ አናቱ ጠበብ ይበል፤ አለዚያ አናቱ ታቹን ፀሐይ ይከለክለዋል።

ሌላው ጠላቱ የተኛ ውሃ ነው። ጥቁር አፈር ላይ ሐምሌና ነሐሴ ውሃው አልሰርግ ብሎ ይቆማል፤ የሊጉስትረም ሥር ደግሞ እዚያ ውስጥ ይበሰብሳል። እንዲህ ያለ ቦታ ካላችሁ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ መደብ አበጁና እላዩ ላይ ትከሉ። ቀይ አፈር ላይ ብዙም አያስቸግርም። በበጋ በየቀኑ ላዩን ከመርጨት በሳምንት አንዴ ሁለቴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣትና ሥሩን በደረቅ ሣር መሸፈን ይሻላል።

ዱራንታ ሌላ ዓመል ነው። ፀሐይ ይወዳል፤ ሥር ከያዘ በኋላም የባሕር ዳርን የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ከሊጉስትረም በተሻለ ይችላል። ሐምራዊ አበባው ያምራል፤ ቢራቢሮም አያጣውም። ችግሩ ክረምት ላይ ነው፤ ያብዳል። አንድ ወር ከዘነጋችሁት ቅርንጫፉ መንገድ ላይ ወጥቶ አላፊውን ይገርፋል። አንዳንዱ ዓይነት እሾህ ስላለው ጓንት ያስፈልጋል። ቶሎ ቶሎ ከተከረከመ ደግሞ አበባው ይጠፋል፤ ስለዚህ ቅርጹንም አበባውንም እኩል አትጠብቁ። ወርቃማ ቅጠል ያለው ዓይነትም ጥላ ሥር ከተተከለ ወርቁን ትቶ አረንጓዴ ይሆናል።

ሰንሰል ለኪስ ይራራል። ክረምት ሲገባ ከሰው አጥር ቁራጭ ለምኖ መሬት መሰካት ነው። ከብት አይበላውም፤ ነጭ አበባውን ንብ ይወደዋል። ቅርጽ ግን አትጠይቁት። ለጓሮና ለረጅም አጥር እንጂ ለበር ፊት አይሆንም።

ሌሎቹን ባጭሩ፦ ቅንጭብ ነጭ ወተቱ ዓይን ክፉኛ ይጎዳል፤ ልጅ ያለበት ቤት ባይገባ ይመረጣል። ኮሽም በእሾሁ ሌባም ከብትም ይመልሳል፤ የሚከረክመውንም ጭምር ይወጋል። የፈረንጅ ጥድ ደግሞ አሮጌው እንጨት ድረስ ከተቆረጠ መልሶ አያቆጠቁጥም፤ ለጠባብ ግቢ አይመከርም።

ልጆች ካሏችሁ ይህን ልብ በሉ፦ የሊጉስትረም ጥቁር ፍሬም የዱራንታ ብርቱካንማ ፍሬም መርዛማ ነው። የዱራንታው እንደ ጨሌ ተንጠልጥሎ ስለሚያጓጓ ይብሳል። ወፎች ግን ይበሉታል፤ ፍሬውንም ይዘውት ይሄዳሉ። በአውስትራሊያ ሁለቱም እንዲህ ከግቢ ወጥተው ጫካ የገቡ አረሞች ሆነዋል። እምቦጭን ያየ የጣና ዳር ሰው ይህ አይጠፋውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አበባው እንደረገፈ፣ ፍሬው ሳይበስል መከርከም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ቧንቧችሁ በበጋ የማይጠፋና መቀስ የሚይዝ ሰው ካለ ሊጉስትረም፣ ያውም ከበር እስከ በረንዳ ላለው መንገድ ዳር። ውሃው በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈርና ፀሐይ የሚመታው የመንገድ ዳር አጥር ከሆነ ዱራንታ። ለጓሮው ሰንሰል። አንዱን ዓይነት ግቢውን ሁሉ ማልበስ ግዴታ የለም።

ችግኝ ስትገዙ ቁጥሩን አስቀድማችሁ አስሉ። ሊጉስትረም በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከተተከለ ለ20 ሜትር አጥር 50 ያህል ይፈልጋል፤ ዱራንታ በ50 ሳንቲ ሜትር 40 ያህል ይበቃዋል። የሚሞት ስለማይጠፋ ጥቂት ጨምሩ። ሻጩ ረጅሙን ቢያሞግስም ከታች ጀምሮ ሦስት አራት ቅርንጫፍ ያወጣውን አጭሩን ውሰዱ። ላስቲኩንም አንሥታችሁ ሥሩን እዩ፤ ሥሩ ላስቲኩን ቀዶ መሬት ከገባ፣ ሲነቀል ስለሚበጠስ ተዉት። ጊዜው ዝናቡ መሬቱን በደንብ ካራሰ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው። መስከረም ላይ በቅናሽ የሚሸጠው ችግኝ ሥር ሳይሰድ በጋው ይደርስበታል።