አንኮበር፦ ቤተ መንግሥቱ የሌለበት የቤተ መንግሥት ኮረብታ

ወደ አንኮበር የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ የሸዋ ነገሥታት ቤት ዛሬ የለም። ኮረብታው አለ፤ ለግቢ የተደለደለው ሜዳ አለ፤ በድንጋይና በኖራ የተሠራ የግንብ ቁራጭም አለ። ጫፉ ላይ ጎልቶ የሚታየው ቤት የድሮውን ቤተ መንግሥት መልክ ይዞ በቅርብ ዘመን የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ይህን ሳያውቁ የሚመጡ ብዙዎች ማረፊያው ፊት ፎቶ ይነሡና ዋናውን ግንብ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት ይመለሳሉ። የዚህን ያህል መንገድ መጥቶ እሱን ሳያዩ መመለስ በጣም ያሳዝናል።

መንገዱ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተገንጥሎ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛው ክፍል በኪሎ ሜትር ቢያንስም ጠመዝማዛ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ይያዙለት። በሕዝብ ትራንስፖርት የሚሄዱ ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ በጠዋት ይነሡ፤ ከሰዓት በኋላ መኪና እየሳሳ ስለሚሄድ መመለሻውን ሲወርዱ ሾፌሩን ወይም ረዳቱን ጠይቀው ማረጋገጥ ነው። የሰሜን ሸዋ መንገዶች በየጊዜው የሚዘጉበት ሁኔታ ስላለ፣ ከቤት ሳይነሡ በፊት እዚያው ላለ ሰው ደውሎ ማጣራትም የግድ ነው። ኮረብታው የሚገኘው ጎረቤላ ከምትባለው ከተማ ወጣ ብሎ ስለሆነ፣ «አንኮበር» ብሎ ብቻ የተሳፈረ ሰው ከተማ ገብቶ ወደ ኋላ በእግሩ እንዳይመለስ የት እንደሚወርድ ቀድሞ ይናገር።

መኪና ጫፍ ድረስ አይወጣም። የመጨረሻው አቀበት በእግር ነው፤ ደህና የሚራመድ ሰው ሩብ ሰዓት፣ ያልለመደ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ከቆላ በቀጥታ የመጣ ሰው በየጥቂት እርምጃው ቆም ቢል ይሻለዋል። ዝናብ ከጣለ አፈሩ ያንሸራትታል፤ ሶሉ ያለቀ ጫማ በተለይ ሲወርዱ ይጥላል። ሻንጣ ይዘው የሚያድሩ ሰዎች ሸክም የሚያግዙ ወጣቶች ከታች ያገኛሉ፤ ዋጋውን ግን ዕቃው ከመነሣቱ በፊት ይስማሙ።

አሁን ወደ ግንቡ። ቀረብ ብለው መጋጠሚያዎቹን ይመልከቱ፤ ድንጋዩን ያያዘው ነጣ ያለው ነገር ኖራ ነው። ይህ ግንብ ቆሞ የቀረው፣ ሌላው የጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው። የሸዋ ነገሥታት አብዛኛውን ቤታቸውን የሚሠሩት በግንድ፣ በማገርና በጭቃ ምርጊት፣ በሣር ክዳን ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ክዳኑ በየጊዜው ካልተለወጠ ያፈሳል፤ ውኃው ምርጊቱን ያጥበዋል፣ ከዚያ ማገሩ ይበሰብሳል። ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም በ1879 ዓ.ም. ወደተቆረቆረችው አዲስ አበባ ካዞሩ በኋላ፣ ክዳን የሚለውጥ የቤተ መንግሥት ሰው አንኮበር ላይ አልቀረም። የቀረው ግንብ ደግሞ ሁለት ጠላት አለው። አንዱ በመጋጠሚያው የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው፤ ሥሩ እየወፈረ ኖራውን ይፈነቅላል። ሁለተኛው ላዩ ላይ የሚቆም ጎብኚ ነው። እባክዎ አይውጡበት፤ ልጆችንም ይያዙ። አንድ ድንጋይ ከላይ ከተናጋ ዝናብ ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ይከፈታል፣ የተቀረው በክረምት ነው የሚወርደው።

ሜዳው ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው ቦታው ለምን እንደተመረጠ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ ከእግርዎ ሥር ገደሉ ይወርድና የአፋር ቆላ እስከ አዋሽ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። ከባሕር ጠረፍ በቆላው የሚመጣ ነጋዴ በሙሉ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚህ ሥር ነበር። የንግድ ከተማዋ አልዩ አምባ፣ የአርጎባዎቹ አገር፣ ከታች ናት፤ ጨውና ጨርቅ ወደ ላይ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ወደ ታች ይሄድ ነበር፤ ሰውም ጭምር ይሸጥ እንደነበር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የቦታው ስም ራሱ የበር ስም ነው፤ በአገሬው ትውፊት «የአንኮ በር»፣ አንኮ የምትባል የአካባቢው ገዥ ሚስት የነበረች ሴት ናት።

የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉት አንኮበርን መቀመጫቸው አድርገው በገዙበት ዘመን ነው። የልጅ ልጃቸው ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወልደው፣ በአፄ ቴዎድሮስ ተወስደው መቅደላ ካደጉ በኋላ፣ በ1857 አምልጠው ወደ ሸዋ ገቡ፤ አንኮበርም ዋና ከተማቸው ሆነች። ይህን ሁሉ ከቦታው ላይ ጽሑፍ አነባለሁ ብሎ ማንም አይሂድ። ለጎብኚ የተጻፈ ማብራሪያ እጅግ ጥቂት ነው፤ አስጎብኚ ከሌለ ሜዳው ሜዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የአካባቢውን ልጅ መያዝ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ጥሩ አስጎብኚ መሆኑን ለመለየት «የግቢው አጥር በየት በየት ይሄድ ነበር?» ብለው ይጠይቁት፤ የሚያውቅ ሰው ተነሥቶ በእግሩ ያሳይዎታል። የማያውቀው የነገሥታት ስም መደርደር ይጀምራል።

በኮረብታው ዙሪያ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ለብቻቸው ጊዜ ይፈልጋሉ። ነጠላ ይያዙ። ጠዋት ቅዳሴ ካለ እስኪያልቅ ውጭ ይጠብቁ፤ በጾም ወቅት ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን ፕሮግራምዎን ይገልብጡ። ንዋየ ቅድሳት ለማየት ቁልፍ የያዙትን አባት ማግኘት ያስፈልጋል፤ እርሳቸው ደግሞ እርሻ ወይም ለቅሶ ሄደው ሊሆን ስለሚችል ከአንድ ቀን በፊት ሰው መላክ ብልህነት ነው። የከፈሉበትን ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ቅር የሚለው የለም።

የብዙ ሰው ጉብኝት የሚበላሸው በሰዓት ምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ ጠዋት ተነሥቶ፣ ደብረ ብርሃን ቁርስ በልቶ አንኮበር የደረሰ ሰው ጊዜው ወደ ስድስት ሰዓት ይሆንበታል። ከአፋር የሚነሣው ሞቃት አየር ገደሉን ተከትሎ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ጭጋግ ይሆናል፤ በበልግና በክረምት እኩለ ቀን ላይ ከሦስት ሜትር በላይ የማይታይበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ ሌሊት ማደር ነው። ፀሐይ ከቆላው ስትወጣ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሜዳው ላይ ይገኙ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ይጠራል፤ ነገር ግን ውርጩ አጥንት ይሰብራል። ጃኬት ብቻ አይበቃም፤ ኮፍያና የሱፍ ካልሲ ይጨምሩ። መደረቢያ የሌለው ሰው ከደብረ ብርሃን ገበያ የመንዝ ባና፣ ከበግ ጠጉር የሚሸመነውን ወፍራም ልብስ፣ ቢገዛ ለዓመታት ይጠቅመዋል። ሲገዙ ባናውን በሁለት እጅ ዘርግተው ወደ ብርሃን ያንሡት፤ ብርሃን በየቦታው የሚያሾልክ ከሆነ ሽመናው ሳስቷል።

ከደብረ ብርሃን ሲመጡ የገብሱ ሜዳ አልቆ መንገዱ ወደ ገደሉ መውረድ ሲጀምር መኪናውን ጥግ አስይዘው ይውረዱ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሣሩ ይወጣሉ፤ ጠዋትና አመሻሽ ከገደሉ አፍ አይርቁም። ምግብ አይስጧቸው፤ ዳቦ የለመደ መንጋ ውሎ አድሮ ማሳ ውስጥ ይገባል፣ ዕዳው ለገበሬው ነው። እዚያው ገደል ላይ በአንኮበር ስም የምትጠራ አንዲት ወፍ አለች፤ ለሳይንሱ ዓለም ከታወቀች ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ቡናማ፣ ዥንጉርጉር፣ ድንቢጥ የምታክል ናት፤ በትንንሽ መንጋ ሆና መሬት ላይ ስትለቅም በአፈሩ መልክ ትሰወራለች። ተቀምጦ ዝም ማለት ነው። ድንገት በአንድ ላይ ብር ብለው ሲነሡ ያኔ ታገኟቸዋላችሁ። አቅርቦ ማሳያ መነጽር ከሌለ ግን ባይደክሙ ይሻላል።

ሁለተኛ ቀን ያለው ሰው ወፍ ዋሻን ይጨምር። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶና አስታ ያለበት፣ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ገደሉ ላይ የቀረ ጥንታዊ ደን ነው። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ነጭ ጭራው መጋረጃ ይመስላል። ያለ መሪ አይግቡ፤ የእንጨትና የከብት መንገዶች እየተጠላለፉ ሰውን ወደ ገደል ያወርዳሉ። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ፣ ቆሎና በሶ ይያዙ፤ መንገድ ላይ የሚሸጥ ነገር የለም። ሦስት ቀን ያለው ደግሞ በመሐል ሜዳ መንገድ እስከ መንዝ ጓሳ ቢዘልቅ ጅባራውንና ቀይ ቀበሮውን ያያል፤ መንዝን አቀኑ የሚባሉት የአስቦና የገራ ዘሮች ሣሩን ለዘመናት ቄሮ በሚባል የጋራ የጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁት የኖሩት አገር ነው። ጓሳ ግን ለራሱ የሚበቃ ጉዞ ስለሆነ ከአንኮበር ጋር በአንድ ቅዳሜና እሑድ አይጨናነቅ።

በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ካልሆነ በስተቀር ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ከደብረ ብርሃን ከንጋቱ በፊት ይነሣ፣ ወይም ጉዞውን ለሌላ ሳምንት ያሳድረው።