ቤት መምቻዬ የወደቀበት ቀን፦ ዘጠኝ ወር ከሊብሬኦፊስ ራይተር ጋር

ሊብሬኦፊስ ራይተር የሚባለውን ነጻ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም መጠቀም ከጀመርኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። መስከረም ላይ ላፕቶፔ ላይ ጫንኩት፤ አሁን ሰኔ ነው፣ ጅማ ዝናቧን ይዛለች። በእነዚህ ወራት የተማሪ ፈተና አውጥቼበታለሁ። የእድራችንን ቃለ ጉባኤ ጽፌበታለሁ። የልጄን የሥራ ማመልከቻ አዘጋጅቼበታለሁ። ይሄ ሁሉ ያለችግር ሄዷል፤ ስለሱ የምለው የለኝም። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ቃል ነው። «ማታ» የምትል ቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። 58 ግጥሞች ያሉበት መድበል ጨርሼ አዲስ አበባ ላለ አንድ አሳታሚ ላክሁ። በዶክኤክስ ፎርማት (የዎርድ የፋይል ዓይነት ነው) ይላኩልን ስላሉኝ በዶክኤክስ ሴቭ አድርጌ በቴሌግራም ላክሁት። በሦስተኛው ቀን አርታኢው ደወለ። ትሁት ልጅ ነው። «መምህርት፣ ግጥሞቹን ሆን ብለው ነው እንዲህ የሰባበሯቸው?» አለኝ። ምን እንደሚል አልገባኝም። «የምን መሰባበር?» አልኩት። የስክሪኑን ፎቶ ላከልኝ።

የመጀመሪያው ግጥም ሁለት ስንኝ እኔ ስጽፋቸው እንዲህ ነበሩ፦

የጅማ ዝናብ ነው        ደጁን የሚመታ፤
እናቴ መስላኝ ነው        የነቃሁት ማታ።

ፎቶው ላይ ግን አራት መስመር ሆነዋል፦

የጅማ ዝናብ ነው        ደጁን
የሚመታ፤
እናቴ መስላኝ ነው        የነቃሁት
ማታ።

የወል ቤት የሚባለውን የግጥም ምጣኔ የሚጽፍ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስድስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ ስድስት ቀለም፣ መጨረሻው ላይ ቤት መምቻ፣ ስንኞቹ በድምፅ የሚገጥሙበት። ዐይን ወደ ቀኝ ሄዶ «የሚመታ» ላይ ያርፋል፣ ተመልሶ ይመጣና «ማታ» ላይ ያርፋል። ግጥሙ የቆመው በእነዚያ ሁለት ቃላት ነው። እነሱ ብቻቸውን ወደ ግራ ጥግ ወርደው ሳያቸው እናቴን ከአልጋዋ አውጥተው መሬት ላይ ያስተኟት መሰለኝ። እሷ ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። መድበሉም ለእሷ ነው።

እኔ ዘንድ 96 ገጽ የነበረው ረቂቅ እነሱ ዘንድ 113 ገጽ ሆኗል። ማተሚያ ቤት ዋጋ የሚቆርጠው በገጽ ብዛት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የመልክ ብቻ አልነበረም።

በዚያው ቀን ከሰዓት ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ወዳለ ኮምፒውተር ቤት ሄድኩ። እዚያ የሚሠራው ወጣት የድሮ ተማሪዬ ነው። ነገርኩት። «ቲቸር፣ ነግሬዎት ነበር እኮ። ነጻ ነገር ያው ነጻ ነው። ዎርድ ልጫንልዎትና ይገላገሉ» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዚህ ልጅ ጋር በልቤ ስከራከር ነው የከረምኩት። ድስት ስጥድ እከራከረዋለሁ፣ ፈተና ሳርም እከራከረዋለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ አንድ ነው። የትኛውን ዎርድ ነው የምትጭንልኝ? በዶላር በካርድ የሚከፈልበትን? ያ ካርድ ጅማ ያለች አስተማሪ እጅ የለም። ክራኩን፣ ሳይከፈልበት ተሰብሮ የሚጫነውን ከሆነ ደግሞ፣ ከክራኩ ጋር የመጣ ቫይረስ አምና የአንድ ሴሚስተር ማርክ በልቶብኛል። የሰው ድካም ሰርቆ የራስን ድካም መጻፍ ደግሞ ለእኔ አይዋጥልኝም። ግጥሜን ማንም ፎቶኮፒ አድርጎ እንዲሸጥብኝ አልፈልግማ።

ሁለተኛው ነገር ግን ይበልጣል። ዎርድ ቢኖረኝም ያው ይደርስብኝ ነበር። ይህን ያወቅሁት ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ ነገሩን ከሥሩ ከመረመርኩ በኋላ ነው።

የሆነው ይሄ ነው። ግጥሞቹን የጻፍኩት አቢሲኒካ ኤስአይኤል በሚባል ነጻ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ነው። ፊደሉ የብራና ጽሕፈት ያስታውሰኛል፤ እወደዋለሁ። የዶክኤክስ ፋይል ግን በተለመደው አሠራር የፎንቱን ስም እንጂ ፎንቱን ይዞ አይሄድም። የሰርግ ጥሪ ላይ የዘፋኙን ስም ጽፎ ዘፋኙን አለማምጣት ማለት ነው። አርታኢው ዘንድ ያ ፎንት የለም። የእሱ ፕሮግራም በቦታው ያገኘውን ሌላ የአማርኛ ፎንት ተካ። የተካው ፊደል ሰፋ ይላል። መስመሩ ሞላ፣ የመጨረሻው ቃል ወደቀ። ዎርድም ቢሆን ካላዘዙት በቀር ፎንት ፋይል ውስጥ አይከትም። ስለዚህ ልጄ፣ እዚህ ላይ «ነጻ ያው ነጻ ነው» አያስኬድም።

የእኔም ጥፋት አለበት፤ አልሸሽገውም። በሁለቱ ሐረጎች መካከል ያለውን ክፍተት የሠራሁት በስፔስ ቁልፍ ነው። ስምንት ጊዜ፣ አንዳንዴም ዘጠኝ ጊዜ እየመታሁ። ስፔስ ደግሞ ስፋቱ በፎንቱ ይለያያል። ፎንት ሲቀየር ክፍተቱም ይቀየራል። በታይፕ መኪና የለመደ እጅ ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ማስተካከያው ሦስት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ «ስንኝ» ብዬ የሰየምኩት የአንቀጽ ስታይል፣ አንዴ ተሠርቶ በሁሉም ስንኝ ላይ የሚውል የአቀማመጥ ደንብ፣ ሠራሁ። በእሱ ላይ በ5 ሴንቲሜትር ተኩል ቦታ ታብ አቆምኩ። አሁን አንዴ ታብ ስመታ ሁለተኛው ሐረግ ሁልጊዜ እዚያው ይጀምራል፣ ፎንቱ ምንም ይሁን። ገጹ ኤ5 ነው፤ ከቀኝ ጠርዝ ትንሽ ትርፍ ቦታ ተውኩ፣ ሰፊ ፎንት ቢመጣ እንኳ ቤት መምቻው እንዳይወድቅ። 58ቱንም ግጥም ስንኝ በስንኝ ስፔሱን እያወጣሁ ታብ አስገባሁ። ፈልጎ መተኪያው ይህን ባያቀልልኝ ኖሮ ክረምቱ ያልቅብኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ ከተትኩት። ፋይል የሚለውን ይከፍታሉ፣ ፕሮፐርቲስ ይገባሉ፣ ፎንት የሚል ክፍል አለ፤ እዚያ ፎንቱን ሰነዱ ውስጥ ክተት የሚለው ሳጥን ላይ ራይት ያደርጋሉ። በቃ። ፋይሉ ትንሽ ይከብዳል፤ ለቴሌግራም ግን ምንም አይደለም። አቢሲኒካ በነጻ ፈቃድ የተሰጠ ስለሆነ መክተት ይቻላል። ሁሉም ፎንት እንዲህ አይደለም፤ አንዳንዱ መክተትን የሚከለክል ምልክት ውስጡ አለበት። ይህ ሳጥን ከመጀመሪያው ራይት ሆኖ ቢመጣ ምን ነበረበት? ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ግድ ላይሆን ይችላል፤ የሱ ፎንት የትም አለ። የእኛን ፎንት ግን ሁሉም ኮምፒውተር ላይ አታገኙትም።

ሦስተኛ፣ ከዶክኤክሱ ጋር ፒዲኤፍ ላክሁ። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ነው የሚሄደው፣ ገጹም ከቦታው አይነቃነቅም። ለእኔ እንደ ምስክር ነው። አርታኢው ዶክኤክሱ ላይ ይሠራል፣ ያርማል፣ አስተያየቱን ዳር ላይ ይጽፋል፤ መልኩ ሲያጠራጥረው ፒዲኤፉን ያያል። ፒዲኤፍ ብቻ መላክ ግን አይበጅም። አርታኢ እንደልቡ የማያርመው ረቂቅ እጁን ያስረዋል። አርታኢው መጀመሪያ ረቂቄን የከፈተው በስልኩ እንደነበርም ነግሮኛል። ስልክ ላይ የተከተተ ፎንት ላይታይ ይችላል። ስለዚህ አሁን ሁለቱንም አብሬ እልካለሁ፤ «ግጥሞቹ መምሰል ያለባቸው ፒዲኤፉን ነው» የሚል አንድ መስመርም ከሥር እጽፋለሁ።

ለራሴ የማስቀምጠው ግን በኦዲቲ ነው፤ የራይተር የራሱ ፎርማት ማለት ነው። እዚህ ላይ ያ የኮምፒውተር ቤት ልጅ «ማን ያውቀዋል?» ይለኛል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያጸደቀው ፎርማት ነው። ዶክኤክስ ራሱ በዚያው ድርጅት የጸደቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አንድ ቀን የፋይሉን ስም መጨረሻ ከኦዲቲ ወደ ዚፕ ቀየርኩና ከፈትኩት። ውስጡ ትንንሽ ፋይሎች አሉ። «ኮንተንት» የሚለውን ከፈትኩ። በእንግሊዝኛ ምልክቶች መሐል «እናቴ መስላኝ ነው» ብሎ በአማርኛ ተቀምጧል። ያለ ራይተርም የሚነበብ ፊደል። እንባዬ መጣ።

ለምን እንደመጣ ላስረዳ። ከዓመታት በፊት የጻፍኳቸውን ግጥሞች በአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አስተይቤ በፍላሽ አስቀምጬ ነበር። ያኔ የሚሠራበት ፎንት የእንግሊዝኛ ፊደላትን ቦታ ነጥቆ የአማርኛ ቅርጽ የሚያስቀምጥ ነበር። በዚያ አሠራር ለአንድ ፎንት የሚሰጠው ቦታ 256 ነው፤ የእኛ ፊደል ከነዝርያው ከ230 በላይ ነው፣ ስለዚህ ተጨናንቆ ተሸጋሽጎ ነው የገባው። አሁን ያንን ፋይል ስከፍተው ያለ ትርጉም የተደረደሩ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ናቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የዓለም ደረጃ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ጽሕፈት ቤቶቻችን ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በድሮው መንገድ ሠርተዋል። ከእነዚያ ግጥሞች ጥቂቶቹን ከወረቀት ቅጂ እንደገና ጻፍኳቸው። ሌሎቹ ወረቀታቸውም የለም። እናቴ አንዱን በቃሏ ታውቀው ነበር። አልቀዳሁትም።

ስለዚህ ለምትጽፉ ሁሉ የምለምናችሁ ነገር ቢኖር በዩኒኮድ ጻፉ ነው። ራይተርም ይሁን ዎርድ፣ ስልክም ይሁን ላፕቶፕ፣ መጀመሪያ ፊደሉ ፊደል ይሁን።

አንድ ያስደሰተኝን ነገር ሳልናገር አልለፍ። አርታኢው «ፀሐይ» የሚለውን በአንድ መድበል ውስጥ በአራት ዓይነት አጻጻፍ እንዳገኘው ነገረኝ። እኔ፣ የአማርኛ አስተማሪዋ! በራይተር መፈለጊያ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚለውን፣ በአንድ ፍለጋ ብዙ አጻጻፍ የሚይዘውን፣ አብርቼ «[ጸፀ][ሀሐኀሃ]ይ» ብዬ ጻፍኩ። የቅንፉ ትርጉም ከእነዚህ አንዱ ማለት ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አወጣቸው፤ ሁሉንም «ፀሐይ» አደረግኋቸው። ለሠራና ሰራ፣ ለዓመትና ለአመትም እንዲሁ አደረግሁ። በዐይን ቢሆን አንድ ሳምንት የሚፈጅ ሥራ ከእራት በፊት አለቀ። ለሞክሼ ፊደላችን ሲባል የተሠራ ይመስላል።

መብራትም ሁለት ጊዜ መሐል ላይ ጠፍቶብኛል፤ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ደክሟል። ሁለቱንም ጊዜ ስከፍተው ረቂቁን መልሶልኛል። በራሱ የሚያስቀምጠው በየ10 ደቂቃው ነበር፤ ወደ 2 ዝቅ አደረግሁት።

የዋጋ ነገር ከተነሳ፣ አንድም ብር አላወጣሁበትም፤ ለማውረጃ ከወጣው ዳታ በቀር። ብከፍልበት ኖሮ ግን አልቆጭም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ላይ ብትጠይቁኝ ሌላ መልስ ነበር የምሰጣችሁ። ያኔ ፎቶው ገና ስልኬ ላይ ነበር፣ «ማታ» ብቻዋን ጥግ ላይ ቆማ።

የተስተካከለውን ረቂቅ የላክሁት ባለፈው ሐሙስ ነው። አርብ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ነዘረ። በእረፍት ሰዓት ከፈትኩት። እንደገና የስክሪን ፎቶ ነው። ገጽ 7። ሁለት ስንኝ፣ ሁለት መስመር። «ማታ» በቀኝ በኩል፣ ከ«የሚመታ» ሥር ቆማለች። ከሥሩ አርታኢው «መምህርት፣ አሁን ገባኝ» ብሎ ጽፏል።

ነገ የታሪክ አስተማሪያችን ላፕቶፑን ይዞ ይመጣል። ስለ አባ ጅፋር ዘመን የሚጽፈው ነገር አለው። ራይተርን እጭንለታለሁ፤ አንድ ቃል ሳይጽፍ ያችን ሳጥን ራይት አደርግለታለሁ።