ለሽያጭ የሚወጣን ቤት ባገለገለ ዕቃ ማሰናዳት፦ የአሌክሳንድሪያው ሪስቶር

በሰሜን ቨርጂኒያ ቤቱን ለመሸጥ የተነሣ ሰው ከሪልተሩ (ከቤት ሽያጭ ወኪሉ) አፍ መጀመሪያ ከሚሰማቸው ነገሮች አንዱ ስቴጂንግ ነው። ፎቶ አንሺው ከመምጣቱ በፊት ሳሎኑ፣ ዋናው መኝታ ቤትና ምግብ የሚበላበት ክፍል ለማያውቃቸው ገዢ ዓይን እንዲስማሙ ሆነው ይሰናዳሉ፤ ይህን ሥራ የያዙ ድርጅቶችም ሶፋውን፣ ምንጣፉንና መብራቱን ከመጋዘናቸው አምጥተው በኪራይ ያስቀምጣሉ፣ ሒሳባቸውም ብዙውን ጊዜ በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። እኔና ባለቤቴ ታውንሃውሳችንን ለሽያጭ ስናዘጋጅ ኪራዩን ትተን አብዛኛውን ዕቃ ከአሌክሳንድሪያው ሪስቶር ገዛን። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገርና፣ ሪስቶር ለእንጨት ዕቃ፣ ለመስተዋትና ለመብራት ከማውቃቸው ያገለገለ ዕቃ መሸጫዎች ሁሉ የምመርጠው ቦታ ሲሆን፣ ጨርቅ ለለበሰ ዕቃ ግን ከዚህም ሆነ ከሌላ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ መግዛትን አልመክርም።

ሪስቶር ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት መደብር ነው። ድርጅቱን በ1976 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በጆርጂያ ክፍለ ሀገር አሜሪከስ በምትባል ከተማ የመሠረቱት ሚላርድና ሊንዳ ፉለር ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ሪስቶር ደግሞ በ1991 በካናዳ ዊኒፔግ ተከፍቷል። ዕቃው ከሰው በስጦታ የሚገባ ነው፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገቢም ድርጅቱ አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች ቤት ለሚሠራበትና ለሚጠግንበት ሥራ ይውላል። ለገዢው ትልቁ ቁም ነገር ይህ የስጦታ አገባብ ነው፣ ምክንያቱም መደብሩ የሚሸጠውን የሚወስነው ጎረቤቱ የጣለው ነገር ስለሆነ ዛሬ የታየው ጠረጴዛ ነገ አይገኝም፣ ሁለት አንድ ዓይነት ኮመዲኖም የሚገኘው ዕድል ሲቀና ብቻ ነው። የቤቱ ፎቶ የሚነሣበት ቀን ተቆርጦ፣ ሳምንት ሲቀረው ወደዚህ የሚሄድ ሰው ብስጭት ይተርፈዋል። ቀደም ብሎ ለጀመረና የክፍሎቹን ልክ በኪሱ ይዞ ለሚዞር ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላየሁም። በዚሁ አካባቢ በሻንቲሊም ሌላ ሪስቶር ስላለ አንዱ ሲነጥፍ ሌላውን ማየት ይቻላል።

መደብሩ የሚመሰገንበት ዋናው ነገር ሻጮች «ቡናማ ዕቃ» እያሉ የሚያቃልሉት የእንጨት ዕቃ ነው። ቨርጂኒያ ራሷ የዚህ ሙያ አገር ነበረች። በደቡብ በኩል ባሴት፣ ማርቲንስቪልና ጌላክስ የተባሉት ከተሞች ለብዙ አሥርት ዓመታት የኖሩት በቤት ዕቃ ፋብሪካ ሲሆን፣ ባሴት ፈርኒቸር ከ1902፣ ሁከር ደግሞ ከ1924 ጀምሮ በዚያው ሲሠሩ ኖረዋል። ኋላ ርካሹ የእስያ ዕቃ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙዎቹ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ተዘጉ፣ በእነዚያ ዘመናት የተሠራው ኦክ፣ ቼሪና ማሆጋኒ ግን በየቤቱ ቀረ። አሁን እነዚያ ባለቤቶች ሲያረጁና ወደ አነስተኛ ቤት ሲገቡ ልጆቻቸው ከባዱን ድሬሰር (ባለ መሳቢያውን የልብስ ማስቀመጫ) አይፈልጉትም፤ ስለዚህ አዲሱ ብዙ መቶ ዶላር ሊያወጣ የሚችል ዕቃ ከሰጋቱራ ተጨፍልቆ ከተሠራው አዲስ መደርደሪያ ባነሰ ዋጋ ሪስቶር ወለል ላይ ቆሞ ይገኛል። እኛ ባለ ስድስት ወንበር የቼሪ የምግብ ጠረጴዛ የገዛንበት ገንዘብ አንድ አዲስ ወንበር እንኳ በወጉ የሚገዛ አልነበረም።

ካገኘናቸው ሁሉ የወደድኩት ግን ከአልጋው ግርጌ ያስቀመጥነውን የሌን ሳጥን ነው። ሌን ከ1912 ጀምሮ እስከ 2001 ድረስ በቨርጂኒያ አልታቪስታ ከተማ እነዚህን ሳጥኖች ሲሠራ የኖረ ፋብሪካ ሲሆን፣ በአንድ ወቅት አሜሪካዊቷ ሙሽራ የጥሎሿን አንሶላና ብርድ ልብስ የምታስቀምጠው በዚህ ሳጥን ነበር። የተሠራበት ቀን ሳጥኑ ላይ አለ፤ በታችኛው ገጽ የታተመውን ቁጥር ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ ይበቃል። የእኛው 450211 የሚል ነበር፤ ሲገለበጥ 112054፣ ማለትም ኖቬምበር 20 ቀን 1954 ይሆናል። ክዳኑ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም፣ ምክንያቱም ሳጥኑ ውስጡ የተለበጠበት የአሜሪካ ቀይ ጽድ በአገራችን በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከሚታየው ጽድ ጋር የአንድ ወገን ዛፍ ነው። ባለቤቴ ገና ክዳኑን እንዳነሣች «ደብር የገባሁ መሰለኝ» አለች። ይሁን እንጂ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ከ1912 እስከ 1987 የተሠሩት ሳጥኖች ክዳናቸው ሲወርድ በራሱ የሚቆለፍና ከውስጥ የማይከፈት ቁልፍ ነበራቸው፤ ለድብብቆሽ የገቡ ሕጻናት ታፍነው ስለሞቱ ቁልፉ እንዲለወጥ በ1996 ጥሪ ተደርጓል። እንዲህ ያለ ሳጥን ያየ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ቁልፉን ይመልከት፤ አሮጌው ከሆነም ቤት ሳይገባ ይፍታው። የእኛው ላይ ቁልፉ ቀድሞ ወልቆ ነበር።

መደብሩ ውስጥ ሁሉም ዕቃ ባለበት ሁኔታ የሚሸጥ ስለሆነ ምርመራው የገዢው ነው። እኔ የምጀምረው ከመሳቢያው ነው፦ ሙሉ በሙሉ መዝዤ ወደ ብርሃን አዞረዋለሁ፣ የፊቱና የጎኑ እንጨት በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ጥርሶቹ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ከሆነ የሠራው ሰው አልቸኮለም ማለት ነው፤ በሙጫና በስቴፕል ብቻ ከተያያዘ ግን መልኩ ምንም ቢያምር እተወዋለሁ። ከዚያ መሳቢያው የገባበትን ጉድጓድ በእጄ እዳስሳለሁ፣ አሸተዋለሁም፤ የሻጋታና የሲጋራ ሽታ በቫርኒሽ አይሸፈንም። ላዩ ላይ የብርጭቆ ክብ ምልክት ወይም ጭረት መኖሩ አያስጨንቀኝም፣ ብርጭቆ ወረቀትና ትዕግሥት ያጠፉታል። ስስ የእንጨት ልጣጭ ተለብጦበት ጠርዙ የተላቀቀ ዕቃ ግን ለስቴጂንግ ሥራ የሚወስደውን ጊዜ አያክልም።

ከቤታችን የወጣው ዕቃ ከገባው ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም። በዚህ አገር የምንኖር ብዙዎቻችን ሳሎናችን አንድ ዓይነት ነው፦ ግድግዳውን የሚሞላ ጥቁር የቆዳ ሶፋ፣ ብርጭቆ የተደረደረበት ባለ መስተዋት ቡፌ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ የምርቃት ፎቶዎችና ቅዱሳት ሥዕላት። ሪልተራችን የእኛው አገር ልጅ ስለሆነች አነጋገሯን ታውቅበታለች። «ጋሼ፣ ሥዕሎቹን ቦታ እናስለውጣቸው እንጂ አልነካብዎትም፤ ገዢው ራሱን እዚህ ቤት ውስጥ እንዲያይ የእርስዎን ፎቶ ማየት የለበትም» ብላ ሁሉንም በአክብሮት አስነሣችኝ። ቡፌው ሲወጣ ክፍሉ በግልጽ ሰፋ፤ በቦታው ዝቅ ያለ የኦክ መደርደሪያ፣ በመስኮቱ ትይዩ ደግሞ ከሪስቶር የመጣ ትልቅ መስተዋት ገባና የከሰዓቱ ብርሃን ወደ ምግብ ክፍሉ ዘለቀ። ከስድስቱ ወንበሮች አራቱን ብቻ ነው በጠረጴዛው ዙሪያ ያስቀመጥናቸው፣ ምክንያቱም ሰው የሚያልፍበት ቦታ ሲታይ ክፍሉ በፎቶ ሰፊ ይመስላል። ባዶ ክፍል ግን አያዋጣም፤ የቤት ዕቃ የሌለበት መኝታ ቤት ስልሳ በሰማንያ ኢንች የሆነውን ኩዊን አልጋ ይችል እንደሆነ ገዢው በዓይኑ መገመት ያቅተዋልና፣ አልጋ፣ ሁለት ኮመዲኖና ሁለት መብራት እስኪገቡለት ድረስ ከልኩ አንሶ ነው የሚታየው። ከራሳችን ንብረት ሪልተሯ እንዲቀር የፈቀደችው አንድ መሶብ ብቻ ነው፤ በሌን ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ በፎቶው ላይ ከሁሉ አምሮ የወጣውም እርሱ ሆነ።

መብራት በሪስቶር በጣም ርካሽ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሲሆን፣ የጠረጴዛም የቁምም መብራት ይሞላል። ጥላው ቢያረጅ በአዲስ ይለወጣል። ገመዱ የተሰነጣጠቀ ወይም መሰኪያው የላላ ከሆነ ግን ዋጋው ነጻም ቢሆን አይወሰድ። አምፖሉን 2700 ኬልቪን ከተባለው ሞቅ ያለ ብርሃን መርጦ በቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ማድረግ ተገቢ ነው፤ አንዱ ክፍል ቢጫ ሌላው ሰማያዊ ሲሆን ፎቶው ይበላሻል።

ስለ ሶፋ ያልኩትን ላብራራ። እንጨት ይጠረጋል፣ ይታያል፣ ውስጡ ይነበባል፤ የሶፋ ስፖንጅ ግን የቀድሞ ባለቤቱን ውሻ፣ ላብና ትኋን ሸሽጎ ሊመጣ ይችላል፣ ይህንንም መደብሩ በቀና ልብ ቢያጣራ እንኳ ሙሉ በሙሉ ሊያውቀው አይችልም። ገበያ ላይ ያለ ቤት ውስጥ ትኋን መግባቱ ሽያጩን የሚያፈርስ ጉዳይ ስለሆነ፣ በዚህ ላይ መቆጠብ ከንቱ ቁጠባ ነው። እኛ ትንሽ ግራጫ ሶፋ ከባለቤቴ እህት ተውሰን ቤቱ እስኪሸጥ አቆየነው፤ ምንጣፉንም ስምንት በአሥር ጫማ የሆነ አዲስ ገዛን፣ የሶፋው የፊት እግሮች እንዲያርፉበት በቂ ነው።

ሕጻናት ይዘው ቤት ለማየት የሚመጡ ቤተሰቦች ስላሉ ሁለት ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልችልም። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ወዲህ የሚሠሩ ድሬሰሮች መሳቢያዎቻቸው ሲከፈቱ ወደ ፊት እንዳይወድቁ በፌዴራል ሕግ ግዴታ የተጣለባቸው ሲሆኑ፣ ያገለገሉት ግን አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ ስለሆኑ ከግድግዳው ጋር በማሰሪያ መያዝ አለባቸው። እርሳስ ያለበት ቀለም ለቤትና ለቤት ዕቃ የተከለከለው በ1978 ስለሆነም፣ ቀለም የተቀባና የሚላላጥ አሮጌ ዕቃ ብርጭቆ ወረቀት ሳይነካው እዚያው ቢቀር ይሻላል።

ማጓጓዙ ዋጋውን የሚለውጥ ነገር ነው፣ ይህን ሳያሰሉ መግዛት አይገባም። ጠንካራ የእንጨት ድሬሰር ሁለት ሰው የሚፈትን ክብደት አለው፤ የዩሆል መኪና ኪራይ፣ በማይል የሚታሰበውና ነዳጁ ተደምሮ የአንዱን ጠረጴዛ ዋጋ ሊደርስ ይችላልና፣ የሚሻለው ሁሉንም ዕቃ በአንድ ጉዞ ለማንሣት አቅዶ መግዛትና ፒክአፕ ያለውን ዘመድ በጊዜ መለመን ነው።

ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ጠረጴዛውንና ሳጥኑን ወደ አዲሱ ቤት ወሰድናቸው፤ የቀረውን ለሪስቶር መልሰን ሰጠን። መደብሩ የማይሸጠውን ዕቃ ስለማይቀበል አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅና ፎቶ ማዘጋጀት ጥሩ ነው። ድርጅቱ ለትርፍ ያልተቋቋመ በመሆኑ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ግብሩን ሲያሳውቅ ተቀናሾቹን በዝርዝር የሚያቀርብ ሰውም የዕቃውን ተመጣጣኝ ዋጋ ከገቢው ላይ ሊያስቀንስ ስለሚችል፣ ዝርዝሩንና የሰጡበትን ቀን በዚያው ደረሰኝ ጀርባ ጽፎ ለሒሳብ ሠራተኛው ማቆየት ይገባል።