የሆቴልዎን የኢንተርኔት ሥራ ለማን ይስጡ? የራስ ሠራተኛ፣ የደሴ ኤጀንሲ፣ የአዲስ አበባ ኤጀንሲ ወይስ ባለኮሚሽን

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ 25 ወይም 30 ክፍል ያለው ባለሆቴል ጉግሉን፣ ፌስቡኩንና ቡኪንጉን (በኮሚሽን ክፍል የሚያስይዘውን ድረ ገጽ) የሚይዝለት ሰው ሲፈልግ አራት ዓይነት ምርጫ ይቀርብለታል። ደመወዝ ከፍሎ የራሱን ሠራተኛ መቅጠር፣ እዚሁ ከተማ ካለ ትንሽ ኤጀንሲ ጋር በወር ክፍያ መዋዋል፣ የአዲስ አበባ ኤጀንሲ መያዝ፣ ወይም «እንግዳ ካላመጣሁ አትክፈለኝ» ከሚል ባለኮሚሽን ጋር መስማማት። ብዙዎች አራቱን የሚያወዳድሩት በዋጋ ነው። ከዋጋው በፊት ግን እንግዳው እንዴት አድርጎ እንደሚያገኝዎት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነውና።

ኮምቦልቻ የሚያድረው በአመዛኙ ሥራ ያመጣው ሰው ነው። ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ማሽን ሊተክል የመጣ ቴክኒሻን፣ ደረቅ ወደብ ዕቃውን የሚጠብቅ ነጋዴ፣ በማግስቱ በረራ ያለው መንገደኛ። ደሴ ደግሞ ወርክሾፕ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታል፣ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ላሊበላ የሚያልፍ ጎብኚ አለ፤ መስከረም ሲገባ የግሸን ተጓዥ ይጨመራል። ከእነዚህ መካከል ቡኪንግ ዶት ኮም ላይ ገብቶ ክፍል የሚይዘው ጥቂቱ ነው። ሌላው ጉግል ማፕ ላይ ስልክ ቁጥር ይፈልጋል፤ ወይም በቴሌግራም «አልጋ ስንት ነው?» ብሎ ይጽፋል። ድርጅት ከሆነ የአዳራሹንና የሻይ ቡናውን ፕሮፎርማ ላኩልኝ ይላል፤ ሦስት ሆቴል ጠይቆም ቶሎ የመለሰለትን ይይዛል።

«ካላመጣሁ አትክፈለኝ»

ሲሰሙት ደስ የሚል ውል ነው፤ እዚህ አገር ሆቴል ላይ ግን ቶሎ የሚበላሸው እሱ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። እንግዳው ፌስቡክ ላይ አየ፣ ሪሴፕሽን ደወለ፣ ማታ መጥቶ አደረ። ይህ እንግዳ የማን ነው? ኤጀንሲው «የእኔ ነው» ይላል፤ ሪሴፕሽኑ «ድሮም ደንበኛችን ነው» ይላል። ማስረጃ ያለው የለም። ክርክሩ ሲበዛበት ባለኮሚሽኑ ሊቆጠር ወደሚችለው፣ ማለትም ወደ ቡኪንግ፣ ያዘነብላል። ሆቴሉ በስልክ በነፃ ያገኘው የነበረውን እንግዳ ሳይቀር በኮሚሽን መግዛት ይጀምራል።

በቁጥር እንየው፤ ታክሱን ለጊዜው እንተወው። አንድ ክፍል 2,000 ብር ነው፣ ቡኪንግ 15 በመቶ ይወስዳል እንበል (የእርስዎ ውል ላይ ያለውን ይመልከቱ)። ከአንድ አዳር 300 ብር ሄደ። ባለኮሚሽኑ በላዩ ላይ 10 በመቶ ከጠየቀ ሌላ 200 ብር ነው። በወር 40 አዳር ከተሸጠ ከ80,000 ብር ላይ 20,000 ወጣ፤ ከሽያጩ ሩቡ።

በወር ቁርጥ 15,000 ብር ከሚጠይቅ ኤጀንሲ ጋር ያስተያዩት። «ከቡኪንግ ኮሚሽን አድንሃለሁ» ብቻ ከሆነ ያቀደው፣ አንድን እንግዳ ከቡኪንግ ወደ ቀጥታ ስልክ ሲያዞር የሚያተርፍልዎት 300 ብር ነው፤ ክፍያውን ለመሸፈን በወር 50 አዳር ማዞር ይኖርበታል። 40 አዳር በቡኪንግ ለሚሸጥ ሆቴል ይህ የሚሆን አይደለም። አዲስ እንግዳ የሚያመጣ ከሆነ ግን ለቁርስ፣ ለአንሶላ አጠባና ለሳሙና 500 ብር ቢወጣ እንኳ ከአንድ አዳር 1,500 ብር ይቀራል፤ 10 አዲስ አዳር ክፍያውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ኤጀንሲ ሲያነጋግሩ አዲሱን እንግዳ ከየት ለማምጣት እንዳሰበ ይጠይቁት። «ላይክ እናበዛለን» የሚል ከሆነ ሻይዎን ጠጥተው ይሸኙት።

ባለኮሚሽን የሚያዋጣው ምንጩ ሊለይ ሲችል ነው። ለዚህ የሚሆን ርካሽ ዘዴ አለ፦ በሆቴሉ ስም አዲስ ሲም ያውጡ፤ ቁጥሩ ኤጀንሲው በሚያሠራቸው ማስታወቂያዎች ላይ ብቻ ይውጣ። በዚያ ስልክ የመጣ የእሱ ነው፣ በድሮው የመጣ የቤቱ ነው። ውሉ ላይ ሌላም መስመር ይጨመር፦ ኮሚሽን የሚታሰበው እንግዳው ካደረ በኋላ እንጂ ክፍል በያዘ ጊዜ አይደለም። በቡኪንግ ክፍል ይዞ ያልመጣ እንግዳ «አልመጣም» ተብሎ በጊዜው ካልተመዘገበ ሆቴሉ ላልበላው ኮሚሽን ይከፍላል፤ ይህን ምዝገባ ማን እንደሚሠራም በስም ይጻፍ።

የራስ ሠራተኛ

የትኛውም ኤጀንሲ የማይደርስበት ጥንካሬው መልስ ነው። ሪሴፕሽን አጠገብ ስላለ 204 ቁጥር ባዶ መሆኑን ያውቃል፣ ፎቶ አንስቶ ወዲያው ይልካል፣ ፕሮፎርማውን በሩብ ሰዓት አውጥቶ ማኅተም ያስመታል። ወጪው 12,000 ብር ደመወዝ ከሆነ የአሠሪው ጡረታ 11 በመቶ ሲታከል 13,320 ብር ነው። ማስታወቂያና ጥሩ ካሜራ ሲጨመርበት ከቁርጥ ክፍያው ኤጀንሲ ብዙም አይርቅም።

የሚያደናቅፈው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በዓል ሲደርስ ወይም ካሸሯ ስትቀር «ና እስቲ እዚህ ቁም» ይባላል፤ ኢንተርኔቱ ሰው በሚያስፈልገው በዚያው ሳምንት ያለ ባለቤት ይቀራል። ሁለተኛ፣ ፌስቡክ የሚችል ሁሉ የቡኪንግን ካላንደር ይችላል ማለት አይደለም። ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት ይሄ ነው፦ የመግቢያ ሰዓት የሚሞላበት ቦታ ላይ ልጁ በሐበሻ ሰዓት አስቦ 8:00 ይጽፋል። ሥርዓቱ የሚያነበው ግን የጠዋቱን 2 ሰዓት ነው። የውጭ እንግዳው ሻንጣውን ይዞ በጠዋት ይመጣል፣ ክፍሉ አልጸዳም፣ ሁለት ኮከብ ሰጥቶ ይሄዳል። መጻፍ የነበረበት 14:00 ነው። በቀንም እንዲሁ ነው። የግሸን ንግሥ መስከረም 21 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ኦክቶበር 2 ነው። የበዓል ዋጋ በአንድ ቀን ተሳስቶ ከገባ ሞልቶ በሚፈስበት ሌሊት ክፍሎቹ በአዘቦት ዋጋ ይሸጣሉ።

ሠራተኛ ከቀጠሩ ዋትስአፕ ቢዝነስን በሆቴሉ ስልክ ላይ ይክፈቱ። ከስልኩ ሌላ አራት መሣሪያ ስለሚያገናኝ የቀንም የማታም ሪሴፕሽን አንዱን መልእክት ያያል፤ ልጁ ወደ ቤቱ ሲሄድ መልሱ አብሮት አይሄድም።

የከተማው ኤጀንሲና የአዲስ አበባው

በሥዕልና በጽሑፍ ጥራት የአዲስ አበባው ብዙውን ጊዜ ይበልጣል፤ ዲዛይነር አለው፣ ቪዲዮ አቀናባሪ አለው። የሚቸግረው 400 ኪሎ ሜትር መራቁ ነው። ጉግል አዲስ ሆቴል ሲመዘግብ አብዛኛውን ጊዜ ቪዲዮ ይጠይቃል፤ ከመንገዱ ተነስቶ ታፔላውን አሳይቶ፣ ሪሴፕሽን ገብቶ፣ አንሺው የቤቱ ሰው መሆኑን በሚያሳይ ነገር (ለምሳሌ የተቆለፈ ቢሮ በቁልፍ በመክፈት) የሚጨርስ፣ ሳይቆራረጥ ቢያንስ 30 ሰከንድ የተቀረጸ። ይህን በአካል ከተገኘ ሰው በቀር ማንም አይሠራውም፤ የተቆራረጠና ሙዚቃ የገባበት ቪዲዮ ተመላሽ ይሆናል።

ፎቶም እንዲሁ። የአዲስ አበባው ቡድን በሐምሌ ለሁለት ቀን ደሴ መጥቶ ጉም ብቻ አንስቶ ሊመለስ ይችላል። የከተማው ልጅ ጥቅምት ላይ ሰማዩ እስኪጠራ ጠብቆ የጦሳን ተራራ ከኋላ አድርጎ በረንዳውን ያነሳዋል። ምን መነሳት እንዳለበትም ያውቃል፦ የደሴ እንግዳ የሚጠይቀው ሙቅ ውሃና ብርድ ልብስ ነው፣ የኮምቦልቻው ቬንትሌተር፣ አጎበርና የመኪና ማቆሚያ። ጄኔሬተሩ አንድ ፎቶ ይገባዋል፤ ሎቢው ላይ ካለው አበባ ይልቅ እሱ እንግዳ ያመጣል። ለጉግል የሚሆን ፎቶ በትንሹ 720 በ720 ፒክስል ይሁን፣ ከ5 ሜጋባይት አይለፍ።

የካርታው ጉዳይ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ የሚባል ከተማ ምሥራቅ ሐረርጌም አለ፤ አካባቢውን የማያውቅ ሰው ምልክቱን እዚያ ሊተክለው ይችላል። የወሎዋ ኮምቦልቻ በላቲን ፊደል አንዱ በኬ፣ ሌላው በሲ ይጽፋታል፤ ደሴም በአንድ ኤስም በሁለትም ትጻፋለች። የሆቴሉ መግለጫ ሁሉንም አጻጻፍ፣ የአማርኛውንም ጨምሮ፣ በተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መያዝ አለበት። የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ በትኬት ላይ የሚታወቀው በደሴ ምሕጻር፣ በዲ ኤስ ኢ፣ ነው። ስለዚህ የደሴ ሆቴል «ከአየር ማረፊያው 25 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ» ብሎ ካልጻፈ እንግዳው አጠገቡ ያረፈ ይመስለውና ታክሲው ላይ ይጣላል። ለኤጀንሲ ዕጩዎች የሚሆን ፈተና ይኸው፦ የሆቴልዎን አድራሻ እንዲጽፉ ያድርጓቸው። ጥሩው ሠፈሩን፣ የሚታወቅ ምልክትና የጉግል ፕላስ ኮድ (ቦታውን ካርታ ላይ የሚለይ አጭር ኮድ) ይሰጥዎታል።

የአዲስ አበባው የሚሻልበት አንድ ትልቅ ቦታ አለ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ እዚህ ያለው ሁሉ እጁ ይታሰራል፤ ቡኪንግ ላይ የተከፈቱት ክፍሎች ግን መሸጣቸውን ይቀጥላሉ። ከክልሉ ውጭ ያለ ሰው በስልክ ጥሪ ተነግሮት ክፍሎቹን መዝጋት ይችላል። ካልተዘጉ አንድ ክፍል ለሁለት ይሸጣል፣ የተረፈውን እንግዳ ሌላ ሆቴል አስገብቶ የዋጋ ልዩነቱን መሸፈን ደግሞ የእርስዎ ዕዳ ነው። የከተማ ኤጀንሲ ከያዙም አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የሚታመን ዘመድ በሁለተኛ አስተዳዳሪነት ይመዝገብ። ከ30 ክፍል አምስቱን ብቻ ለቡኪንግ መክፈትም አደጋውን ይቀንሳል።

የማስታወቂያ ክፍያ ሁለቱንም ያስቸግራል። ፌስቡክ በብር የሚሠራ የአገር ውስጥ ካርድ ስለማይቀበል ኤጀንሲዎች ውጭ ባለ ሰው ካርድ ይከፍላሉ። ካርዱ ካንዱ ወደ ሌላው ሲቀያየር ፌስቡክ ይጠራጠርና የማስታወቂያ አካውንቱን ያግዳል፤ አንዳንዴ ብሩ ተከፍሎ ማስታወቂያው በሦስተኛው ቀን የቆመው ለዚህ ነው። የማስታወቂያ ገንዘብ ከአገልግሎት ክፍያው ተለይቶ ይጻፍ፣ በየትኛው የምንዛሪ ዋጋ እንደተሰላ ይታይ፣ ከፌስቡክ የወጣው የክፍያ ሰነድም በየወሩ ይቅረብ።

አካውንቶቹ በማን ስም ናቸው?

ከአራቱ ማንንም ቢመርጡ ይህ ከተበላሸ ሌላው ሁሉ ትርጉም የለውም። መጀመሪያ የሆቴሉን ኢሜይል ይክፈቱ፤ የማረጋገጫ ኮዱ የሚገባበት ሲም በሆቴሉ ወይም በባለቤቱ ስም ይሁን። ጉግል ላይ ዋናው ባለቤት እርስዎ ነዎት፣ ኤጀንሲው ሥራ አስኪያጅ ብቻ ይሁን። ቀድሞ የነበረ ሠራተኛ ይዞት የጠፋ ገጽ ካለ «ባለቤትነት ይሰጠኝ» ብለው በጉግል በኩል መጠየቅ ይችላሉ፤ የያዘው ሰው መልስ እንዲሰጥ 3 ቀን ይሰጠዋል። በጥያቄው ገጹን ቢያገኙም የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት የቀድሞዎቹን ማስወጣት አይቻልም፤ ተረጋግተው ይጠብቁ።

ቴሌግራም የባሰ ነው። ቻናል ባለቤትነቱ የሰው ስልክ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ለማስተላለፍ ባለቤቱ ሁለተኛውን የይለፍ ቃል ካበራ 7 ቀን ያለፈው፣ በሚጠቀምበት ስልክም ከገባ 24 ሰዓት የሞላው መሆን አለበት። ልጁ ተጣልቶ ከሄደ በኋላ ይህን ና ሥራልኝ ማለት አይሆንም፤ ርክክቡ በመጨረሻው ደመወዝ ሳይሆን ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይሠራ። የዶሜይን ስምም (የድረ ገጹ አድራሻ) ኤጀንሲው «በነፃ ገዛሁልህ» ካለ በማን ስም እንደተመዘገበ ይጠይቁ።

እንግዲህ ማንን?

ኮምቦልቻ ላይ ሆነው እንግዳዎ የፋብሪካና የድርጅት ሰው ከሆነ የራስ ሠራተኛ ይሻላል፤ ጉግሉን አንዴ የሚያስተካክል የከተማ ኤጀንሲ በአንድ ጊዜ ክፍያ ይጨምሩ። ደሴ ላይ አዳራሽ ያለው ሆቴል ከሆነ የከተማ ኤጀንሲ በወር፣ ከሪሴፕሽኑ አንድ ሰው ለመልስ ተመድቦ። የውጭ ጎብኚ የሚያድርበት፣ ከ50 ክፍል በላይ የሆነ ቤት ለአዲስ አበባው መክፈል ያዋጣዋል። ከ15 ክፍል በታች ያለ ፔንሲዮን ማንንም በወር አይቅጠር፤ የጉግል ገጹን ያስተካክል፣ ስልኩን ያንሳ።

የመጀመሪያው ውል ከ3 ወር አይበልጥ። ከመፈረምዎ በፊት ግን ለአንድ ወር ሪሴፕሽን ላይ አንድ ደብተር ያስምሩ፦ ቀን፣ ስልክ፣ «የት አገኙን?»፣ ስንት አዳር፣ ስንት ብር። ጉግል ደግሞ ስንት ሰው እንደደወለና ስንት ሰው አቅጣጫ እንደጠየቀ ያሳያል፤ ቁጥሩን ከደብተሩ ጋር ያስተያዩ። 60 ሰው ደውሎ ደብተሩ ላይ 20 ብቻ ከተጻፈ ኤጀንሲ ገና ነው፤ ስልኩን የሚያነሳው ማን እንደሆነ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ራስዎ ደውለው ይሞክሩት።