ያገለገለ የውድድር አየር ሽጉጥ፦ ባለ ሲሊንደሩ ወይስ በእጅ የሚሞላው?

የ10 ሜትር ኢላማ ተኩስ የጀመረ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ ይህን ይጠይቃል፦ «ያገለገለ ሞሪኒ ወይም ስቴየር (በተሞላ የአየር ሲሊንደር የሚሠሩ የውድድር ሽጉጦች) በ700 ዩሮ አገኘሁ፤ ልግዛው?» መልስ ከመስጠቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሲሊንደሩ ላይ የተመታው ዓመት ስንት ነው?

ለመጀመሪያ ሽጉጥ እኔ የማዳላው ሲሊንደር ለሌለው፣ ሌቫውን (የመሙያ ዘንጉን) ለእያንዳንዱ ጥይት አንዴ ከፍቶ በመዝጋት አየር ለሚሞላው ዓይነት ነው። ፋይንቨርክባው 103 ከተገኘ እሱን፣ ኪስ ካነሰ የሩሲያውን ባይካል ኢዥ-46ኤም። ጥይት አንድ ቦታ በመምታት ልዩነታቸው ለጀማሪ አይታይም፤ ሁሉም ከያዛቸው እጅ የተሻለ ይመታሉ። የሚለያቸው ሂሳቡ ነው።

ብዙዎቹ አምራቾች ለሲሊንደር የሚሰጡት ዕድሜ 10 ዓመት ነው። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ መሠረት ሲሊንደሩ ዕድሜው አለማለፉን ማረጋገጥ የተኳሹ ኃላፊነት ነው። ሻጭ «ሁለት ሲሊንደር አለው» ሲል ብዙ ጊዜ ሁለቱም ያለፈባቸው ናቸው። አዲስ አንዱ ከ200 ዩሮ በላይ ነው፤ ሁለት ስትሉ 400 አለፈ። ሲሊንደሩን እስከ 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚሞላ ደህና የእጅ ፓምፕ ሌላ 200 ገደማ ይጨምራል። የ700ው ሽጉጥ 1,300 ሆነ ማለት ነው፣ እጀታው ለእጃችሁ ልክ ካልሆነ ደግሞ ገና ከ100 በላይ አለ። ያገለገለ 46ኤም ግን ከ300 እስከ 500 ዩሮ ባለው ይገኛል፤ የጎሚኒዎቹ ሙሉ ስብስብ የአንድ ሲሊንደር ዋጋ ሩብ አይሞላም።

ርካሽ ፓምፕ አትግዙ። ከውጭ ሲያዩት ከጥሩው አይለይም፤ ውስጡ ግን እርጥበት የሚያስቀር ነገር የለውም፣ ወይም አለው ለማለት ያህል ብቻ ነው። እርጥበቱ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ዝገት ያመጣል፣ ቀጥሎ ለየጥይቱ እኩል አየር የሚያሳልፈውን የግፊት መቆጣጠሪያ ያበላሻል፤ በፓምፑ ያተረፋችሁት ገንዘብ እዚያ ያልቃል። ከጠላቂዎች ቦምቦላ የምትሞሉ ከሆነ ማገናኛው እንደ ሽጉጡ አምራች ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቫልቩን በጣም በዝግታ ክፈቱ። በፍጥነት የገባ አየር ይሞቃል፤ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርድና ያልሞላ ሲሊንደር ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ባለ 300 ባር ቦምቦላ ከሆነ ዓይናችሁን ከጌጁ አትንቀሉ፤ 200 ላይ ይቁም። ከፍተኛ ግፊት ያለበት ቦታ ላይ የሞተር ዘይት ወይም ተራ ግራሶ አይነካም፣ ሊቀጣጠል ይችላል። የሲሊኮን ግራሶ ብቻ።

ኦሪንግም (አየር እንዳያመልጥ የሚይዘው ክብ ጎሚኒ) ሐሰተኛ አለው። 200 ባር የሚያርፍበት ኦሪንግ ጥንካሬው 90 ሾር (የጎሚኒ ጥንካሬ መለኪያ) ቢሆን ይመረጣል፤ ባለ 70ው ለስላሳ ስለሆነ ግፊቱ ወደ ክፍተቱ ይገፋውና ይላጣል። በኢንተርኔት «ለሁሉም ሞዴል» ተብሎ የሚሸጥ ስብስብ ጥንካሬውን ካልጻፈ እለፉት።

46ኤም ሲደክም ምልክቱ ፍጥነት ነው። ደህናው በግማሽ ግራም ጥይት በሰከንድ 140 ሜትር አካባቢ ይተኩሳል። የፍጥነት መለኪያው 130 ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ሽጉጡን ከመፍታታችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። ሌቫውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፣ አየር እንዲገባ ሁለት ሰከንድ ጠብቁ፣ ሳታቋርጡ ዝጉ፤ ሲዘጋ የማይከብድ ከሆነ የፒስተኑ ጎሚኒ ደርቋል ወይም አልቋል። አንድ ሁለት ጠብታ የሲሊኮን ዘይት ጨምራችሁ ጥቂት ጊዜ ሞልታችሁ ባዶ ተኩሱ፤ ካልተሻለው ጎሚኒው ይቀየር። ቀጥሎ ሞልታችሁ አምስት ደቂቃ አቆይታችሁ ተኩሱ። ፍጥነቱ ወዲያው ከተተኮሰው በጣም ካነሰ የሚያፈሰው ቫልቩ ነው። በመጨረሻም አፈሙዙ ከኋላ በሚዘጋበት መገጣጠሚያ ላይ ስስ ወረቀት አድርጋችሁ ተኩሱ፤ ወረቀቱ ከተነቃነቀ የዚያን ቦታ ጎሚኒ ቀይሩ። ይህኛው ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ሻጮች «ፒስተኑ ሄዷል» ብለው ዋጋ ሲያወርዱ ብዙ ጊዜ ችግሩ እሱ ብቻ ነው፣ ለገዢ ጥሩ ቀን ነው።

ምላጩ ከ500 ግራም ባነሰ ክብደት መለቀቅ የለበትም። የፕላስቲክ ጠርሙስ ከነገመዱ በኩሽና ሚዛን 510 ግራም እስኪሆን ውሃ ሙሉበት። ሽጉጡን አየር ሙሉ፣ ጥይት አታግቡ፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አቁማችሁ ጠርሙሱን በምላጩ አንሱት። ከተለቀቀ የምላጩን ብሎን ሩብ ዙር እያጠበቃችሁ ድገሙ። አየር ሳይሞላ የተለካ ምላጭ በውድድር የመሣሪያ ፍተሻ ላይ ሊጥላችሁ ይችላል፤ እዚያ የሚለካው ተሞልቶ ነው።

ባለ ሲሊንደሩ የሚበልጥበት ቦታ አለ። በውድድር 60 ጥይት በ75 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ በፊት የሙከራ ጥይት አለ፤ በየጥይቱ ሌቫ መክፈትና መዝጋት ትከሻ ያደክማል። ባለ ሲሊንደሩ በአንድ ሙሌት ከ100 በላይ ይተኩሳል። በብሔራዊ ደረጃ ልወዳደር የሚል ሰው በመጨረሻ እሱን መግዛቱ አይቀርም።

ሲገዛ ታዲያ የግፊት መቆጣጠሪያውን እንዲህ ይፈትን፦ 10 ጥይት ተኩሶ ፍጥነቱን ይመዝግብ፣ ሲሊንደሩ እንደተገጠመ ያሳድረው፣ ጠዋት የመጀመሪያውን ይለካ። የጠዋቱ ከሌሎቹ በግልጽ ከፈጠነ መቆጣጠሪያው ሌሊቱን አየር ሲያሾልክ አድሯል፤ የጥገናው ዋጋ ከሽጉጡ ዋጋ ይቀነስ። ራሳችሁ አትፍቱት፤ የግድ ከሆነ ሲሊንደሩ ተነቅሎ፣ የቀረው አየር ተተኩሶ ካለቀ በኋላ ነው።

46ኤም በአሜሪካ አዲስ ማግኘት ከባድ ነው፤ አምራቹን የያዘው ካላሽኒኮቭ ኮንሰርን በሐምሌ 2014 እ.ኤ.አ. ማዕቀብ ተጥሎበታል። በኒው ጀርዚ ደግሞ የአየር ሽጉጥ እንደ ጦር መሣሪያ ስለሚቆጠር ፈቃድ አስቀድሙ። ጀርመን ያላችሁ በአምስት ማዕዘን ውስጥ ያለው የኤፍ ምልክት (ያለ ፈቃድ መግዛት የሚቻል መሆኑን የሚያሳየው) አካሉ ላይ መኖሩን ሳታዩ ብር አትክፈሉ።