ቤት ስትገዙ ባውንደሪውንም ነው የምትገዙት፦ ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይስ አሌክሳንድሪያ?

በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ሐበሾች ቤት ስንፈልግ የመኝታ ክፍሉን ቁጥር፣ የሞርጌጁን ወለድና ለሥራ ያለውን ቅርበት አገላብጠን እናያለን። ቤቱ በየትኛው ትምህርት ቤት ባውንደሪ፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ ልጆችን በሚቀበልበት የሰፈር ክልል፣ ውስጥ እንደሚወድቅ ግን ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ከተፈራረምን በኋላ ነው። እዚህ አገር የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚመደበው በአድራሻ ነው፤ የቤቱ ዋጋም ይህን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሦስቱን ቦታዎች በአንድ ጥያቄ አነጻጽራቸዋለሁ፦ የልጃችሁ ዕጣ በዚያች አንዲት መስመር ላይ ምን ያህል ይንጠለጠላል?

ዲሲ ውስጥ ከኪንደርጋርተን እስከ 12ኛ ክፍል በአድራሻችሁ የተመደበው ትምህርት ቤት ልጃችሁን የመቀበል ግዴታ አለበት። ሌላ ከፈለጋችሁ ሎተሪ ትገባላችሁ፤ በአንድ ማመልከቻ እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ይሞላል። ከከተማዋ የመንግሥት ተማሪዎች ግማሽ የሚጠጉትን የሚያስተምሩት ቻርተር ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም በመንግሥት ገንዘብ ግን በራሳቸው አስተዳደር የሚመሩት፣ ባውንደሪ የላቸውም። ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች ትምህርቱ ነፃ ነው፤ የሕፃናት ማቆያ ለከፈለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ወደ ጃክሰን ሪድ ሃይስኩል የሚያስገባው ከሮክ ክሪክ ፓርክ በስተምዕራብ ያለው ሰፈር ለአብዛኞቻችን ኪስ አይቀመስም። ሆኖም ከሌላ ሰፈር በሎተሪ እዚያ አንደኛ ደረጃ የገባ ልጅ ከዚያው ትምህርት ቤት ጋር ወደተያያዘው መካከለኛ ደረጃ የማለፍ መብት አለው። መስመሩ ራሱም ይንቀሳቀሳል፤ ጃክሰን ሪድ ሲጨናነቅ በ2023 ማክአርተር ሃይስኩል ተከፍቶ የተወሰኑ ሰፈሮች ወደዚያ ዞረዋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ክፍል ነው። እዚሁ ካውንቲ ቤተስዳ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ራሱን የቻለ ቤት ማግኘት ብርቅ ነው፤ በሲልቨር ስፕሪንግና በዊተን ግን በግማሽ ዋጋ የሚገኝ አለ። ልዩነቱ የጡብና የእንጨት ብቻ አይደለም፤ የባውንደሪ ዋጋም አለበት። በሲልቨር ስፕሪንግና በዊተን አካባቢ ያሉት ብሌር፣ አይንስታይን፣ ኬኔዲ፣ ኖርዝዉድና ዊተን ሃይስኩሎች በአንድ ተቧድነው ተማሪው ከአምስቱ እንዲመርጥ ሲደረግ ቆይቷል፤ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ቦታም የተጠበቀለት ነው። ካውንቲው ግን ይህን አሠራር ለመለወጥ እየሠራ ነው፤ ሮክቪል ውስጥ ዉድዋርድ፣ ጌተርስበርግ ውስጥ ክራውን የተባሉ አዳዲስ የሃይስኩል ሕንፃዎች ስለተሠሩም ባውንደሪ ይከለሳል። የዛሬን ካርታ ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ።

ይህን ካውንቲ ከሌላው የሚለየው ግን የ1974ቱ የቤት ሕግ ነው። ብዙ ቤት የሚሠራ አልሚ የተወሰነውን ክፍል በዝቅተኛ ዋጋ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹን የካውንቲው የቤቶች ድርጅት ገዝቶ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ያከራያል፤ ድሃና ሀብታም በአንድ ባውንደሪ የሚገናኙት እንዲህ ነው። በ2010 የወጣ ጥናት እነዚህን ልጆች ተከታትሎ፣ የድሃ ልጅ ቁጥር አነስተኛ በሆነበት ትምህርት ቤት የተመደቡት በሒሳብ ከሌሎቹ መብለጣቸውን አሳይቷል። ይህም የሆነው ሌሎቹ የነበሩበት ትምህርት ቤት ተጨማሪ በጀት እየተመደበለት ሳለ ነው። ገቢያችሁ ለእነዚህ ቤቶች ከተቀመጠው ጣሪያ በታች ከሆነ በዚህ ሕግ መሠረት ለሽያጭ በሚቀርበው ቤት ሳትመዘገቡ ገበያ አትውጡ።

አሌክሳንድሪያ የመንግሥት ሃይስኩሏ አንድ ብቻ ነው። ከተማዋ በ1971 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለማቀላቀል የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆችን ሁሉ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሰብስባለች፤ ስሙ በ2021 አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ተብሏል። ሳውዘርን ታወርስ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር የሐበሻ ልጅና ኦልድ ታውን ውስጥ ትልቅ ቤት ያለው ሰው ልጅ የሚማሩት እዚያው ነው። አንደኛ ደረጃ ላይ ባውንደሪ አለ፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን የቤታችሁ ዋጋ ልጃችሁ የትኛው ሃይስኩል እንደሚገባ አይወስንም። ከ4 ሺህ በላይ ተማሪ ስላለው ትልቅነቱ ያስፈራል። ስትጎበኙ ኮሪደሩን ብቻ ሳይሆን ከፍተኛውን የሒሳብ ክፍል ግቡና የእኛ ልጆች መኖራቸውን እዩ።

ልጃችሁ ገና 2 ዓመቱ ከሆነና የመግዣው ገንዘብ ካልሞላ ዲሲ ተከራይቶ ሎተሪውን መሞከር ይሻላል ባይ ነኝ። መካከለኛ ደረጃ ለደረሰ ልጅ አሌክሳንድሪያን አስቀድማለሁ። ለመግዛት ለተዘጋጀ ቤተሰብ ግን ሲልቨር ስፕሪንግን እመርጣለሁ፤ ቤተስዳ ለመግባት ሲል ሁለት ፈረቃ እየሠራ ልጁን ተኝቶ ብቻ የሚያይ አባት አይቼ አዝኛለሁ።

ኤጀንታችሁ ስለ ሰፈሩ ሰዎች ማንነት ዝም ቢላችሁ አትቀየሙት፤ የ1968ቱ የቤቶች ሕግ ገዢን በዘር ወደ ሰፈር መምራትን ይከለክላል። ኢንተርኔት ላይ ለትምህርት ቤቶች ከ10 የሚሰጠው ነጥብም ብዙ ጊዜ የወላጆችን ገቢ ተከትሎ ይሄዳል። የቤቱን አድራሻ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ድረ ገጽ አስገቡ፤ ከዚያ ደውሉና ባውንደሪው ለክለሳ ቀርቦ እንደሆነ ጠይቁ። በሦስቱም ቦታ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ።